ፌስታልና ሁለት አርባ ያለው መለኪያ

ለሰማይ፣ ለምድርና በመካከላቸው ለሚበር ሁሉ! የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች የውኃ ከፍታ አንባቢ፣ የአንድ ጥንድ ጎማ ቦቲና አንድ ዓይኑ የታወረ ባይኖክላር ባለቤት፣ በቅጽል ስሙ ፌስታል የተባለው ሰው፣ ባሕር በሌለበት የባሕር ወፍ አይቷልና የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ስሙን ያወጣለት የወፍ መዝገብ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ማለት በዓመት ሁለቴ ተሰብስቦ ሌላው ያየውን «አላየኸውም» የሚል ማኅበር ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ሰውየው «ብርቅ ወፍ አየሁ» ብሎ ፎቶ ላከ። አጉልተው ሲያዩት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ፌስታል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ እንኳ በር ሲከፍትለት «ዛሬስ በእግርህ መጣህ ወይስ ነፋስ አመጣህ?» ይለዋል። እርሱም አብሮ ይስቃል። እየሳቀ ግን እግሩ አያርፍም፤ ምድጃ ላይ እንደቆመ ሰው ያነሳል ይጥላል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሦስተኛውን ኩሬ ከፍታ ሊያነብ ሲወርድ፣ በየዐሥር ሳንቲ ሜትሩ ቁጥር ከተጻፈበት መለኪያ እንጨት ሥር፣ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ አንዲት ወፍ ቆማለች። ልቡ ዘለለ። ነገር ግን የወፍ አዋቂዎች ሕግ አላቸው፦ መጽሐፍ ሳትገልጥ ያየኸውን ጻፍ፤ መጽሐፉ ከቀደመ ዓይንህ ኮራጅ ይሆናል። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፦ «ክንፏ እስከ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ጥቁር የለበትም። ምንቃሯ ሮዝ፣ ጫፉ ቀለም እንደ ጠቀሰ ብዕር ጥቁር። እግሯ ሮዝ። አስተያየቷ እንደ ንብረት ክፍል ኃላፊ።» ስልኩን ከባይኖክላሩ ደኅና ዓይን ላይ ደግኖ ዐሥራ አንድ ፎቶ አነሳ። ዐሥሩ ጉም ወጣ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ወፏም መለኪያውም ጥርት ብለው ታዩ። ከዚያ በረረች፤ አልተመለሰችም። ጽሑፉንና ፎቶውን ለኮሚቴው ላከ።

ሐሙስ የኮሚቴው ጸሐፊ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደኅና ነው። ግን በየዓመቱ ወደኛ የምትመጣው ትንሿ የባሕር ወፍም ላባዋን ፀሐይ ሲበላው ትነጣለች። ከበረዶ አገር ከምትመጣው ብርቅዬዋ ትልቋ የሚለያት ቁመቷ ነው። የገዛ መለኪያህ ምን ይላል? እግሯ ሃያ ላይ፣ አናቷ ስድሳ ላይ። አርባ ሳንቲ ሜትር! ትንሿ ናት።»

«በዓይኔ አየኋት እኮ!»

«ፌስታሉንስ በምንህ ነበር ያየኸው?»

ሰውየው የሚኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታላቅ እኅቱ ጋር ነው። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ተመላለሰ።

«አንተ! ጨርቄን ረገጥከው! እስቲ ተቀመጥና ይህቺን ጉድህን አሳየኝ።»

«ምኑን ታይዋለሽ፣ እትዬ? አለቀልኝ።»

ስልኩን ነጥቃ አጎላችው። ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ስትለካ የኖረች ናትና ወፏን ትታ እንጨቱን አየች።

«አርባን ለምን ሁለቴ ጻፍከው?»

«የት?»

«ይኸው፤ አርባ፣ ከበላዩ ደግሞ ሌላ አርባ። እኔ እንዲህ ብለካ ስንቷ ሙሽራ በውስጥ ልብሷ በቀረች!»

ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ቁጥሮቹን የቀባው ራሱ ነው። አርባን እንደጨረሰ አንድ ወፍ በላዩ አለፈ፤ ቀና ብሎ ሸኘውና ሲመለስ አርባን ደገመው። እንግዲያ ወፏ ኀምሳ ሳንቲ ሜትር ናት! ትልቋ ናት! እልል ሊል አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። በሁለት ክረምት ውኃው ከአርባ ባለፈ ቁጥር፣ እርሱ ዐሥር እያጎደለ መዝግቦ ፈርሟል።

የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ደግሞ «ኩሬው ከቀዩ መስመር አልፎ አያውቅም» ተብሎ የምስክር ወረቀት የተሸለመ፣ ወረቀቱንም ከራሱ ፎቶ ከፍ አድርጎ የሰቀለ ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት ፌስታል ቢሮው ገባ።

«ጌታዬ፣ መለኪያው ስሕተት አለበት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ፎቶዋን ለኮሚቴው የላክኩት ወፍ...»

«ወፏ ጠየቀችህ?» ብሎ ወደ ግድግዳው አየ። «ስማ ፌስታል፣ እንጨቱ አርጅቷል። ሰኞ በሁለት ሰዓት ቀቢ ይመጣል። እንደ ሰው አንድ አርባ ይኖረናል፤ ያለፈው አለፈ። እንጨቱንም ከፎቶህ ቆርጠህ ላክ።»

ቢቆርጠው ወፏ ቁመት አይኖራትም፤ ባይቆርጠው እንጀራው ያሰጋዋል። የዚያኑ ቀን ሳይቆርጥ ለኮሚቴው መልሶ ላከው፤ ከሥሩም «የቀባሁት እኔ፣ የሳትኩት እኔ» ብሎ ሙሉ ስሙን ጻፈ።

ጸሐፊው ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት መለሰ። «ሁለቱን አርባ አየን። በመካከላቸው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ይኑር ሁለት ማን ለካው? ሌላ ሰው ለክቶ ይፈርም።»

«እኅቴ ትለካለች።»

«የሥጋ ዘመድ አይሆንም።»

ጥበቃውን ለመነው። «ልጆች አሉኝ» አለ። እንጨት ለመለካት ልጅ አልባ መሆን ግዴታ ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ስለ እውነት ሲወራ ከሁሉ ቀድመህ የምታጨበጭበው! ሦስተኛው ኩሬ ከዋናው መንገድ ባሻገር፣ አጥሩ በተቀደደበት በኩል ነው። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን በሯ ላይ አንጠልጥላዋለች። ቀቢው ሰኞ ሳይደርስ፣ ከታችኛው አርባ እስከ ላይኛው ብቻ ለካና፣ ያገኘኸውን ጽፈህ ከወረቀቱ ግርጌ የራስህን ስም...