በፋሲካ የመጣልኝ ገንዘብ

ሱቄን ላሰፋ ከባንክ ብድር ብጠይቅ «የብድር ታሪክዎ ጥሩ አይደለም» ብለው መለሱኝ። እኔ ደግሞ ተበድሬ አላውቅም፤ ለጎረቤቴ ለኦቦ ገመቹ ዋስ ከመሆኔ በቀር። ታዲያ ከእሳቸው ሌላ ማን ሊያበላሽብኝ ነው? በማግስቱ ሽማግሌውን እያጣደፍኩ ሱሉልታ ያለው ባንክ ይዣቸው ገባሁ።

«እኒህ ናቸው ስሜን ያጠፉት!» አልኩ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ። «በእኔ ዋስትና በሬ ሲያደልቡ ከርመው!»

«አዴ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

የብድር ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «እትዬ፣ የእሳቸው በጊዜው ተከፍሎ አልቋል» አለችኝ። «ያልተከፈለው የእርስዎ ነው። በፋሲካ ሰሞን በስልክዎ የተበደሩት።»

«እሱማ ልጄ ከዱባይ የላከልኝ ነው! በግ ገዝቼበታለሁ!»

«መልእክቱን አንብበውት ነበር?»

መጽሐፍ ከእጄ የማይለየኝ ሴትዮ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን ብቻ አንብቤ፣ የቀረውን «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኜ ነበር ያለፍኩት። እዚያው ቆሜ ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ስልኬ ደግሞ ድምፁ ሲጮህ ለጉድ ነው።

«አንተ፣ በፋሲካ ገንዘብ ልከህልኝ አልነበረም?»

«ኧረ አልላክሁም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ደውዬ ስመርቅህ ለምን አሜን አልክ?»

«እንዴ እማዬ፣ ምርቃት እምቢ ይባላል?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ያልሳቁት ኦቦ ገመቹ ብቻ ነበሩ።