ከጎን የተሳለው ለጋሽ

መካነ ሰላም ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ሥዕል ያውቃል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስስል ኖሬ ዛሬም ብሩሽ ሳነሣ እጄ ይፈራል። እነሱ ግን ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ካለ ይበቃቸዋል። «እመቤታችንን ትንሽ ቀላ አድርጋት» ይሉኛል፣ የበራቸውን ቀለም እንደሚያዝዙ። አንዱማ ዙሪያውን መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት የፕላስቲክ ሥዕል ከደሴ አስመጥቶ ሰቀለና ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀኝ። ሆቴል ይመስላል አልኩት።

የሁሉም አውራ ከዓረብ አገር ተመልሶ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የከፈተው ሰው ነበር። በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል እኔ አሠራለሁ አለ። ደግ ነው። በእኛ ሥርዓት ሥዕል ያሠራ ሰው ከግርጌው አነስ ብሎ፣ ተደፍቶ፣ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ ይሳላል፤ አጠገቡ ስመ ክርስትናው ይጻፋል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ የሰደብኩት መሰለው።

«መደፋቱ ይቅር፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለና ስልኩን አወጣ። «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሣለኝ።» ፎቶው ላይ የጭነት መኪና ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከጎን ሆኖ ሩቅ ያያል። ምን እንደሚያይ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባቴ ሥዕል ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የነገረኝ ይህን ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሳላል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር እናቶች እንኳ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰውዬው አያውቅም፤ አንድ ቀን ቅዳሴ ቆሞ ግድግዳውን አይቶ ቢሆን ኖሮ ያውቅ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መነጽሩን አየሁና እሺ አልኩት።

በገበያው ቀን እናቱ ከገጠር መጡ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። «አፈር ስሆን ልጄ» አሉኝ፣ «ከእመቤቴ እግር ሥር በደንብ አኑርልኝ። ዓረብ አገር ሲሄድ አደራ ያልኩት ለእሷ ነው። እዚያ ሆኖ ካየሁት ሞት አያስፈራኝም።»

«አብሽሩ እማማ» አልኳቸው።

እኔ ሥዕል የምጀምረው ጾሜ፣ ጸልዬ ነው፤ እግዚአብሔርን የማገለግልበት ሌላ ነገር የለኝም። እመቤታችንን እንደዚያው አድርጌ ሳልኳት። ግርጌው ላይ ስደርስ ግን ጸሎቴን ትቼ እየሳቅሁ ሠራሁ። ለዚያ ሰውዬ አፍንጫ የተጨነቅሁትን ያህል ለመላእክት ክንፍ አልተጨነቅሁም።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አየና «ቁርጥ እሱን» አለ። መሪጌታው አዩና ሳል ያዛቸው። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን የጣሪያውን ቆርቆሮ የሚሰጠው ያው ሰው ስለሆነ ዝም አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከ ዕለት ሰውዬው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ፣ አሁንም ከጎን። ሴቶቹ ሊሳለሙ ቀረብ ሲሉ ያዩታል፤ እርስ በርስ ይተያዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ እናቱ ደረሱ። ረጅም ጊዜ አዩት። ሳይሳለሙ ወጡ።

ግቢው ውስጥ ጥድ ዛፍ ሥር አገኙኝ። «ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከነይሁዳ ጋር ያደረግኸው የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው። እዚያ አገር ደም አፍስሷል? ሃይማኖቱን ክዷል? ንገረኝ፣ ከእኔ አይወጣም።»

«ኧረ እማማ፣ የሰጠኝ ፎቶ እንደዚያ ሆኖ ነው እንጂ…»

«አትደብቀኝ ልጄ። ሠዓሊ ጾሞ ነው የሚስለው። እመቤቴ ያላሳየችህን አትስልም።»

በማግስቱ መደብሩ ድረስ ሄጄ ሥዕሉን ላስተካክል አልኩት። «ንክች እንዳታደርገው» አለኝ። እንደሱ ያማረ ሥዕል አይቶ አያውቅም።

አሁን እናቱ በየዓርቡ ከገጠር እየመጡ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ለልጃቸው ኃጢአት ይሰግዳሉ። ሲነሡ ሰው ይደግፋቸዋል። ንቄው ነው እንዲያ የሳልኩት ብላቸው ያርፉ ነበር። እስከ ዛሬ አላልኳቸውም።