ዱርዬውና ጠያቂው

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ ጋደም ብዬ ነበር። ልጄ ስልኳ ላይ አቀርቅራ፣ አንድ ሰውዬ ሁለት የጃፓን ጌሞችን ሲያወዳድር ታያለች። ሁለቱም ክፍል በክፍል እየቀጠሉ የወጡ፣ ተጫዋቹን አንድ ከተማ ውስጥ ለቀቅ አድርገው «በል እንዳሻህ ተዘዋወር» የሚሉ ናቸው። ሰውዬው የድብድቡን ፍጥነት፣ የከተማውን ስፋት እያነሳ ነጥብ ይሰጣል። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱንም አወቅኳቸው። «እነዚህን እኮ ተጫውቻቸዋለሁ» ስላት ከት ብላ ሳቀች። አባት ጌም ተጫውቶ ያውቃል ብላ አስባ አታውቅም።

እኔና ሙሉጌታ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ከእነዚህ ጌሞች ሌላ ሥራ አልነበረንም። ሙሉጌታ ኮልፌ ሳለን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር፤ አብረን ተምረን፣ አብረን ማትሪክ ተፈትነን ውጤት እንጠብቅ ነበር። አባቱ አጣና ይነግዳሉ። ግንቦት ላይ ከጭነት መኪና አጣና ሲያወርዱ ክምሩ ተንሸራቶ ሲያግዛቸው የነበረውን የሙሉጌታን ግራ እግር ሰበረው። ሐምሌ ላይ ጄሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ትንሽም አጥሮ ወጣ። ሐኪሙ በክራንች እየተደገፈ በየቀኑ መሄድ እንዳለበት፣ አለዚያ ጉልበቱ እንደደረቀ እንደሚቀር ለእናቱ ለእትዬ ወለላ በግልጽ ነገሯቸው።

አንድ ቀን ሞከረ። ከግቢ በር ወጣ እንዳለ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አዩት፤ ቆም አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «ያን የመሰለ ልጅ!» አለች፣ እንደሞተ ሰው። ሙሉጌታ ዞሮ ገባ፤ ክራንቹን ከበሩ ኋላ አስደገፈና ተቀመጠ።

«ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ከአልጋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሆነ። ዱባይ ያለች አክስቱ የላከችለት የጌም ማጫወቻ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ሲዲዎቹን ከመርካቶ አመጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ እንጨምራለን። እትዬ ወለላ የተጠበሰ በቆሎ፣ አንዳንዴም ቆጮ በጎመን ያስገቡልንና የልጃቸውን ጉልበት በዓይናቸው ዳብሰው ይወጣሉ። እኔ ያንን አስተያየታቸውን ማየት አልችልም ነበር።

ለጌሞቹ የራሳችንን ስም አውጥተን ነበር። የእኔን «ዱርዬው» አልነው፤ መብራቱ የሚያንጸባርቅ ሰፈር፣ በየማዕዘኑ ጠብ። ሰው ሲነካህ ያገኘኸውን ብስክሌት አንስተህ ታሳርፍበታለህ። ቀኑን ሙሉ ብጫወተው አይሰለቸኝም። የእሱ «ጠያቂው» ይባላል። እዚያ አንድ ወጣት የሚፈልገውን ሰው አድራሻ ለማግኘት ከቤት ወጥቶ ይሄዳል፤ ባለሱቁን ይጠይቃል፣ አሮጊቷን ይጠይቃል፣ ሲመሽ ሱቁ ይዘጋል፣ በማግስቱ እንደገና ይጠይቃል። ጠብ የሚመጣው አንተ እንቅልፍ ከወሰደህ በኋላ ነው።

«ጌም ነው የምትጫወተው ወይስ ቀበሌ ጉዳይ ልታስፈጽም ነው?» እለዋለሁ።

«አንተ ደግሞ ሰው ሳትደበድብ እንጀራ አይበላልህም።»

እንዲህ እየተነታረክን ነሐሴ አለቀ። አንድ ከሰዓት ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። በሁለት እጁ ይዞ ገፋው፤ ላብ በላብ ሆነ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት አስቆጣኝ፤ ፈርቼ ነው መሰለኝ።

«የጃፓንን ሰፈር ጥግ ድረስ ታውቀዋለህ» አልኩት። «የራስህ ሰፈር መንገዱ እንደተቆፈረ ግን አታውቅም። እዚሁ ቁጭ ብለህ ድረቅ!»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ያያል። ጠያቂው ወጣት አሮጊቷ ፊት ቆሞ ነበር።

«ይሄ ልጅ ብልጥ ነው» አለ። «ሰው እንዲያየው ጊዜ አይሰጥም። ገና ሲደርስ ይጠይቃል። ሰዉ መልስ ሲፈልግ እሱን ማየቱን ይረሳል።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ክራንቹን አምጣው። ግን እኔ ነኝ የማወራው፤ አንተ ዝም በል።»

ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና እርጥብ ነበር። መጀመሪያ ያገኘናቸው ላም የሚያረቡት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ሲያዩት ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሲሰበሰብ አየሁ።

«እትዬ አስካለ፣ እንደምን ዋሉ? ላምዎ ወለደች?»

«ወለደች ባክህ! ግን ወንድ ነው፤ ምን ያደርግልኛል ብለህ ነው!» ብለው ጀመሩ። ስለ ላሟ፣ ስለ መኖው፣ ስለ እንስሳት ሐኪሙ ነገሩን። ክራንቹን አንዴም አላነሱም።

ቀጥሎ በር የሚበይደው ጋሽ ደምሴ። «ጋሼ፣ የታክሲው ፌርማታ ወዴት ዞረ?» ጋሽ ደምሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የተቆፈረውን መንገድ በእጁ እያሳየ ተረከልን፤ ቆፋሪዎቹንም አብሮ ረገመልን። እንዲህ እንዲህ እያልን አስፋልቱ ጋ ደረስን። እዚያ አንዲት የማናውቃት መንገደኛ ድንገት አየችውና ሳይቀድማት ከንፈሯን መጠጠች። ሙሉጌታ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሁን ይመለሳል አልኩ በልቤ።

«እናቴ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» አላት።

ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ዘንቢሏን አስቀመጠች፤ ስልኳን ስትፈልግ ጎመኑ፣ ነጠላዋ፣ ሁሉም ወጣ። ነገረችውና «በል ሳይመሽብህ ግባ» ብላ እንደማንኛውም ልጅ ተቆጣችው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሙሉጌታ እየሳቀ እንባው ይወርዳል፤ ጉልበቱ በጣም አሞት ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ ምንም ሳያመኝ።

በማግስቱ ጠዋት የእኛ ግቢ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሙሉጌታ በክራንቹ ቆሟል። «ተነስ እንጂ፣ ቀኑ ሄደ!» አለኝ።

ዛሬም ያነክሳል፤ ጉልበቱ ግን ይታጠፋል። ልጄ የትኛው ይበልጣል ብላ ስትጠይቀኝ ለመጫወት ዱርዬው ይበልጣል አልኳት፤ ይህን አሁንም አልቀይርም። የሰፈራችን ሰዎችም ክፉ አልነበሩም። ለተጎዳ ሰው የሚሉት ሲጠፋቸው ከንፈራቸው ይቀድማቸዋል፤ የእኔም ይቀድመኝ ነበር። አሁን ጉዳት የደረሰበት ሰው ቤት ስሄድ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እሱ ራሱ ስለ አንድ ነገር እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የማውቀውን ሁሉ አስረዝሜ እነግረዋለሁ።