የድሬዳዋ ሐይቅ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሚክዳድን በስሙ የሚጠራው ተማሪ የለም። ሁሉም «ፕሮፌሰር» ነው የሚለው። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቁ በሁለት ትምህርት ቤቶች መሀል ስለተቀመጠች ከጠዋት ጀምሮ ሰው አይጠፋባትም። ስሙን ያወጣለት ግን ፎቶ ኮፒው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ከአምስተኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ ድረስ የሚታዘዘውን አሳይመንት ሁሉ በሆዱ ይዟል።

«ፕሮፌሰር፣ ስለ አፈር መሸርሸር አለህ?»

«ባለ አምስት ገጹን ነው ባለ አስሩን?»

«አቦ፣ ቲቸራችን አያነብም፣ የሚመዝነው በኪሎ ነው። ባለ አስሩን ስጠኝ።»

ሚክዳድ ይስቃል፤ የልጁን ስም ሽፋኑ ላይ ይጽፋል፤ ያትማል፤ ይጠርዛል። ውስጡን አያነበውም። ላንብብ ቢልስ ጊዜ ከየት ያመጣል? ከኋላ ሌላው ቆሟል፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ ሌላው።

እሱ ራሱ ትምህርቱን ያቆመው አስረኛ ክፍል ላይ ነው። አባቱ ታመው ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ደብተሩን አስቀምጦ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ይዞ እስከ መጨረሻው የተቀመጠበት ቀን ትዝ አይለውም። ወረቀት ግን ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ሰዎች ማመልከቻ ሲያስጽፉት፣ ተማሪ «ፕሮፌሰር» ሲለው፣ የተማረ ሰው መምሰሉ አልቀረም። መምሰሉንም ለምዶታል።

የበኩር ልጁ ኪንሲ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሚክዳድ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ቢኖር እሷ ከላይ ከላይ ሳይሆን ከሥሩ የተማረች ሰው እንድትሆን ነው። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኼኛውን ለሚስቱ ለዩሩብም ነግሯት አያውቅም። ኪንሲ ከልጅነቷ ጀምሮ «አባቴ የማያውቀው የለም» ትል ነበር። ይህን ማለቷን እንዳትተው ይፈልጋል።

ስለዚህ ከአቅሙ በላይ የሆነ የግል ትምህርት ቤት አስገባት። የወላጅ ኮሚቴ አባልም ሆነ። በየስብሰባው እጁን አውጥቶ «ጥራት! እኛ የምንፈልገው ጥራት ያለው ትምህርት ነው!» ይላል። ጥራት ሲል በልቡ የሚታየው የተተኮሰ ዩኒፎርም፣ እንግሊዝኛ የሚያንበለብል ልጅ፣ ካርድ ላይ የተጻፈ ደረጃ ነበር። ከዚያ አልፎ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ የጠየቀውም ሰው የለም።

ዘንድሮ የወላጆች ቀን ሲደርስ ወላጆችን ወክሎ የሚናገረው ሚክዳድ እንዲሆን ኮሚቴው ወሰነ። ሰባተኛ ክፍልን ወክላ ጽሑፍ የምታነበው ደግሞ ኪንሲ ሆነች።

«አባትና ልጅ በአንድ መድረክ!» አለች ዩሩብ እየሳቀች። «እንግዲህ ቤታችን የሚዲያ ቤት ሆነ።»

ኪንሲ በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ገባች።

«አባ፣ ርዕሱ ‹የአካባቢያችን የተፈጥሮ ሀብት› ነው። ራሴ ወጥቼ፣ ሰው ጠይቄ ልጽፈው ነው።»

«ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«ሰው ነዋ!»

ሚክዳድ ሳቀ። «ሰው ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ዳይሬክተሩ፣ እንግዳው፣ ወላጁ ሁሉ በተሰበሰበበት የመንገድ ወሬ ልታነቢ? አንቺ ለሒሳብ ፈተናሽ አጥኚ። ይኼን ለእኔ ተዪው።»

«ቲቸር ራሳችሁ ጻፉ ነው ያለን» አለች ልጅቷ።

«የምታነቢው ራስሽ አይደለሽ?»

ኮምፒውተሩን ሲያገላብጥ አንድ የሚያምር አገኘ፤ ሥዕል ያለው፣ አማርኛው የጠራ፣ ሐዋሳ የሚኖር የአንድ ተማሪ ሥራ። ሚክዳድ እንደ ልማዱ ለማሽኑ አንድ ትእዛዝ ሰጠው፤ «ሐዋሳ» የሚለው ቃል ያለበትን ሁሉ ፈልጎ በ«ድሬዳዋ» እንዲተካ። ማሽኑም ያለ ክርክር ተካ። በባለ ቀለም ሽፋን አትሞ፣ ጠርዞ፣ ሥዕሎቹን በጣቱ እያገላበጠ ካየ በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተላት። የራሱንም ንግግር የሠራው እንደዚያው ነው፤ ከኢንተርኔት የሌላ ትምህርት ቤት ንግግር አውርዶ የትምህርት ቤቱን ስም ለወጠ።

ኪንሲ ለፈተናዋ ስታጠና ከረመች። ጽሑፉን የከፈተችው ቅዳሜ ጠዋት መድረክ ላይ ስትወጣ ነው።

አዳራሹ ሙቀቱ ሳይበረታ ሞልቷል። ሚክዳድ ከፊት፣ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጧል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ዩሩብ ትንሹን ልጃቸውን ታቅፋ ከሴቶቹ በኩል ናት። ኪንሲ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ከተማችን ድሬዳዋ የበርካታ የተፈጥሮ ሀብቶች ባለቤት ናት። ከእነዚህም መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው የድሬዳዋ ሐይቅ ነው።»

ኪንሲ ያነበበችውን መስመር በዓይኗ ደግማ ስታየው ሚክዳድ ከተቀመጠበት አየ። ወረቀቱን ትታ ትወርዳለች ብሎ ጠበቀ። ልጅቷ ግን መውረጃ አላወቀችም፤ ያላት አንድ መንገድ ወደ ፊት ማንበብ ብቻ ነበር።

«የድሬዳዋ ሐይቅ በዓሣ ሀብቱ... የታወቀ ሲሆን... ጉማሬዎች ማለዳ ከውሃው ብቅ ሲሉ ማየት ለከተማችን ነዋሪ የዕለት ተዕለት ደስታ ነው።»

ያኔ ሳቁ ፈነዳ።

«ዋሪያ!» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ «ጉማሬው በየት በኩል ነው የሚወጣው? እኛም ሄደን እንየው እንጂ!»

«ዓሣውን ደብቃችሁ ብቻችሁን ስትበሉ ኖራችኋላ!» አለች አንዲት ሴት፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሕፃናቱ ነገሩ ባይገባቸውም ትልልቆቹን አይተው እየዘለሉ ሳቁ። አንዱ «ጉማሬ! ጉማሬ!» እያለ መጮህ ጀመረ።

የኅብረተሰብ ትምህርት የሚያስተምረው መምህር ዓብዩ ወደ መድረኩ ወጣ። ከመሀል አገር የመጣ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉ ሰው «አንተ» እየተባባለ እሱ ብቻ «እርስዎ» ማለቱን ያልተወ ወጣት ነው። አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ ነበር የጠየቃት፤ ማይክሮፎኑ ግን አልተዘጋም ነበርና ሁሉም ሰማ።

«ኪንሲ፣ ይኼን ሐይቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ማን ነው የጻፈልሽ?»

ሚክዳድ አሁን ወደ እኔ ትመለከታለች ብሎ አሰበ። እስክትመለከት ጠበቀ፤ ብትመለከት የሚነሣ መሰለው። እሷ ግን አንገቷን አላዞረችም። የሻሿን ጫፍ ይዛ መሬት መሬት እያየች፣

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች።

ሚክዳድ አልተነሣም።

በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰበው ይህቺን ቅጽበት ነው። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ከጎኑ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ከኋላው ደንበኞቹ፣ ከደንበኞቹ ኋላ «ፕሮፌሰር» የሚሉት ልጆች ሁሉ ተቀምጠዋል። ቃሎቹን ዋጣቸው። ልጁ ከመድረኩ ወርዳ፣ ሳቁን ሰንጥቃ፣ እናቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያም ስሙ ተጠራ።

ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ወረቀቱን ጥሎ የራሱን ነገር ሊናገር ፈለገ፤ ከልቡ ፈለገ። አፉን ከፍቶ ቃል ሲፈልግ ግን ምንም አልመጣለትም። ይህን ያህል ዓመት በእጁ ያለፈ ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተወለትም። ሰው ሲጠብቅ አየና ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ ጥራት ያለው ትምህርት ማለት ልጁ በራሱ ዓይን አይቶ፣ በራሱ አንደበት ጠይቆ፣ በራሱ እጅ ሲጽፍ ነው። ለልጆቻችን የተዘጋጀ መልስ መስጠት እነሱን መስረቅ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት አላነበበውም ነበር። ሲያነበው ጆሮው ነደደ። እየነደደ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «ወላሂ፣ ዛሬ በልተሃቸዋል» አለው። ከመቀመጫው ሲደርስ ላብ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆት ነበር።

በመውጫው በር ላይ መምህር ዓብዩ ጠበቀው።

«አቶ ሚክዳድ፣ ኪንሲ ሰኞ ሌላ ጽፋ ታምጣ። በእጅ የተጻፈ ነው የምፈልገው።»

«እሺ። እኔ ራሴ...»

«እባክዎን አያግዟት» አለ መምህሩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በአክብሮት።

ሚክዳድ «እሺ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መምህሩ ከእሱ ሱቅ የወጣ ስንት የአሳይመንት ሽፋን እንዳየ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘም።

ዩሩብ ትንሹን ልጅ ይዛ በባጃጅ ቀደመቻቸው። አባትና ልጅ በእግር ተመለሱ። ጥቂት እንደሄዱ ሚክዳድ አላስችል አለው።

«ለምንድነው አባቴ ነው የሰጠኝ ያላልሽው?»

«አንተስ ለምን አላልክም?»

የሚያልፉ ባጃጆች አቧራውን አልብሰዋቸው ሄዱ። ኪንሲ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። እንደ ወትሮዋ ጥያቄ እንደምትጠይቀው፣ ለማወቅ ብላ ብቻ ነው የጠየቀችው። ቀጥላም፣

«ያ አንተ ያነበብከው ጥሩ ነበር» አለች። «እሱንስ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ...» ብሎ ጀመረ። ዓይኗን አየና አቆመ። «አላውቅም» አላት። «ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ኪንሲ ራሷን ነቀነቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ አባቷ ትለው የነበረው ነገር በዚያ ራስ መነቅነቅ ሲያልቅ ሚክዳድ በዓይኑ ያየው መሰለው።

እሑድ ጠዋት ሱቁን ከፈተ። መጀመሪያ ያደረገው የሐይቁን ጽሑፍ ማጥፋት ነው። ቀጥሎ ያለውን ሊያጠፋ ሲል እጁ ዘገየ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አለ፤ ከዚያም ሌላው። ሱቁ የቆመችው በእነዚህ ላይ ነው። የኪንሲ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣውም ከዚሁ ነው፤ ይህን እስከ ዛሬ አንድም ቀን እንዲህ አስቦት አያውቅም። የሌሎች ሰዎች ልጆች እንዳይማሩ እያገዘ የራሱን ልጅ ሲያስተምር ኖሯል። አሁን ደግሞ የራሱንም አላተረፈም። ተቀምጦ ማሽኑን አፍጥጦ ሲያይ አንድ ተማሪ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ፕሮፌሰር፣ ስለ ኤች አይ ቪ አለህ?»

«የለኝም» አለ ሚክዳድ።

«አቦ አትቀልድ! ባለፈው ለወንድሜ ሰጥተኸዋል እኮ።»

ሚክዳድ ልጁን አየው። «ራስህ ጻፈው» ለማለት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ያን ዓረፍተ ነገር ከመድረክ ያነበበ አፍ ዛሬ ደግሞ ሊለው አልቻለም። አትሞ ሰጠው። ልጁ ከሄደ በኋላ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳሳፈረው እሱም አያውቅም፤ «የለኝም» ብሎ መዋሸቱ ነው ወይስ መስጠቱ።

ኪንሲ ቤት አልነበረችም። «ከጎረቤታችን ከዓምራን ልጅ ጋር ደቻቱ ወንዝ ወርዳለች» አለች ዩሩብ። «አሸዋ የሚጭኑትን ሰዎች ልጠይቅ ብላ። ተዋት፣ አንተ ምን አጨናነቀህ?»

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል። ውሃ ጠጥታ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኛችና መጻፍ ጀመረች። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ሚክዳድ ሽርጡን ታጥቆ ከጎን ፍራሹ ላይ ተጋድሟል፤ ስልኩን የሚያይ መስሎ የሚያየው እሷን ነው። እንዲህ ተጨንቆ፣ አንድ ቃል ፈልጎ፣ ሲያገኝ ፈገግ ያለበት ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ ቢያስስ አላገኘም። ቅናት ይሁን ደስታ፣ የተሰማውን ለመሰየም አልቻለም። ስብሰባ በገባ ቁጥር የሚጮህለት ጥራት ይህ ኖሯል፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መልክ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ።

ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጨረስሽ?»

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«ላንብበው? አላርመውም። ማንበብ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ኪንሲ ክንዷን በወረቀቱ ላይ አደረገች። ድንገት አልነበረም፤ አስባበት ነው ያደረገችው።

«አይሆንም፣ አባ።»

«ለምን?»

«ነገ ሱቅህ ውስጥ ላየው አልፈልግም።»

ሚክዳድ ሊስቅ ሞከረ፤ ቀልድ እንደሆነ ሊያደርገው። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። «አልሸጠውም» ለማለት ቢችል ይላት ነበር። ቃሉን እንደምታምነው የሚያሳይ ነገር ግን ፊቷ ላይ አጣ። ክንዷ ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም፤ እስኪሄድላት ድረስ፣ በጨዋነት፣ ትጠብቀው ነበር።

«እሺ» አለ። ተነሥቶም ወደ በረንዳው ወጣ።

ዩሩብ ከጓዳ ብቅ ብላ ፊቱን አየች። «ምን አለችህ?»

«ምንም» አላት። «እየጻፈች ነው። አትረብሿት።»