መዳብና አልሙኒየም የተጋጠሙበት ፍሪጅ

መዳብ ከአልሙኒየም ይሻላል ይባላል። አይሻልም። ናይሮቢ መሃል ከተማ ባለችው ሱቄ ሁለቱንም ዓይነት የፍሪጅ ቱቦ እሸጣለሁ፤ ጸሐፊ ነኝ፣ ግን ከጽሑፍ እንጀራ አይበላም። መዳብ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፤ አልሙኒየም ደግሞ ቀላልና ርካሽ ነው። ጣጣው ሁለቱ በቀጥታ ተገናኝተው እርጥበት ሲነካቸው ነው፤ ያኔ አልሙኒየሙ ይበላል።

ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ አገር ቤት ስለታሰሩ ሰዎች ለመነጋገር ተሰብስበን ሳለ ፖሊስ ገባ። የታጎርንበት ክፍል የሽንትና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። አብረውን ኢስሊ ሰፈር የሚነግዱ አንድ ሐጂ ታስረዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ወደ ስብሰባው የመጡት እኔ ጠርቻቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቃል ተገባባን፤ ለጠባቂዎቹ መኪና አናጥብም፣ ግቢ አንጠርግም፣ ምንም ሥራ አንሠራም። ቃሉን ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊ አይደለሁ?

ከዚያ የሐጂ ኢንሱሊን የተቀመጠበት የጣቢያው ፍሪጅ ተበላሸ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ አልነበረም። ሥራዬን የሚያውቀው አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ጠራኝ።

«ፈንዲ፣ ትሠራዋለህ ወይስ መድኃኒቱ ይበላሽ?»

ፈንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። ማንንም ሳላማክር ወጣሁ።

መሣሪያዬን ባለቤቴ እንድታመጣ ፈቀዱ። የሌሎቹ እስረኞች እናቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቀሩ፤ እሷ በመካከላቸው አልፋ ገባች። መጋጠሚያው ነጭ ዱቄት ሆኖ ተበልቷል፤ አንዱ ሰነፍ መዳቡን ከአልሙኒየሙ ጋር እንዲሁ አጣብቆት ነበር። ቆርጬ ጣልኩት። ሁለቱ ብረቶች ፋብሪካ ተገጣጥመው የሚመጡበትን አጭር ቁራጭ አቀበለችኝ። መዳቡን ከመዳብ፣ አልሙኒየሙን ከአልሙኒየም በየድኩ፤ እርጥበት እንዳያገኘው ሸፈንኩት፤ ጋዝ ሞላሁ። መክሳቴን ነገረችኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራን፣ ሳቅን። ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ደስታው ነው።

የሐጂን ኢንሱሊንና መርፌ ይዤ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

«ፈንዲ መጣ» አለ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያደገው ወጣት። የሳቀ የለም።

ሐጂ የመርፌ ሰዓታቸው አልፎ ከንፈራቸው ደርቋል። መርፌውን ግን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጆቼ፣ ቃሉ የሁላችን ነበር። ለእኔ ሲባል ፈረሰ። ሳትፈቅዱልኝ አልወጋም።»

መጀመሪያ ያው ወጣት ተናገረ።

«ሳዋ፣ ይሁን ሐጂ። ፕሊስ፣ ይወጉ።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ፈቀዱ። ሐጂ አመስግነው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ፣ ይቅርታ አትጠይቅም?»

ጠየቅሁ። ለእኔ የመለሰልኝ የለም።

ሁላችንም ተፈትተናል። ሐጂ ደህና ናቸው፤ በዒድ ይደውሉልኛል፤ ስለ ፍሪጁ አንስተው አያውቁም። ሌሎቹን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ እንደ ጨዋ ሰው። በየስብሰባው ግን የሆነውን የማያውቅ አንዱ ተነስቶ በእስሩ ጊዜ የነበረኝን ጽናት ያወድሳል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል።

እባካችሁ ተዉኝ። ዛሬም ሰው የታሰረባቸው እናቶች በየጣቢያው አጥር ሥር ቆመዋል። ውሃ ይዛችሁ ሂዱላቸው።