በመስኮት ላይ ያለች ኩሬ

ጎረቤቶቹ «ጋሽ ጥርት» ይሉታል። ዕድሜውን መስታወት ሲቆርጥና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የገጠመው መስታወት ላይ የጣት አሻራ ካየ ውሎው ይበላሽበታል። ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ግን ቤት ዋለ። እጁ ሥራ ፈት መሆን አልቻለምና ከመስኮት ትራፊ አራት ጎንና አንድ ወለል ቆረጠ፤ በሲሊኮን አጣብቆ የጫማ ካርቶን የምታህል ገንዳ ሠራ። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ኩሬ በጄሪካን ውሃ ቀድቶ ሞላት፤ ጥቂት የውሃ ሣርና አንድ እፍኝ ጭቃም ጨምሮ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት።

ዓሣ አልፈለገም። አንድ ማንኪያ የኩሬ ውሃ ውስጥ ስንት ፍጥረት እንደሚኖር በሬዲዮ ሰምቶ ነበር፤ ያንን በዐይኑ ማየት ፈለገ። ከተሰበረ ካሜራ ያወጣትን ሌንስ ይዞ ገንዳዋ ፊት ይቀመጣል።

ችግሩ መስኮቱ ነበር። ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋም እዚያው ሥር ነው።

«ይሄ የሸተተ ውሃ ብርሃኔን ጋረደኝ» አለችው።

«ሕይወት አለበት።»

«የታለ?»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ነጥቦች ሲዘሉ አይቷል፤ ከዚያ እነሱም ጠፉ። ጎረቤታቸው የቧንቧ ሠራተኛው ብቅ ባለ ቁጥር አይምረውም።

«ጋሼ፣ ዛሬም በር ዘጉብህ? አንኳኳ እንጂ፤ ገላቸውን እየታጠቡ ይሆናል!»

አንድ ቀን ሚስቱ ነጭ ጨርቅ ተሸክማ ገባች።

«ስማኝ፤ የሙሽራ ልብስ ተቀብያለሁ። ዶቃው ከጤፍ አይበልጥም፤ በጨለማ አልሰፋውም። እስከ እሑድ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር አሳየኝ። ያለዚያ ሰኞ ውሃው ወደ ውጭ፣ መስኮቱ ወደ ባለቤቱ።»

«ይሁን» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ወዲህ ጥረቱን አጠናከረ፤ ጥረት ማለት ለእሱ ማጽዳት ነው። በየምሽቱ የገንዳዋን ውስጥ በምላጭ ይፍቃል፣ ውጪውን በጋዜጣ ይወለውላል። መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠራ። በጠራ ቁጥር ግን ውሃው ባዶ ሆነ።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ትላለች ሚስቱ፣ ዐይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ።

እሷም ብርሃን ፍለጋ መኪናዋን እየገፋች እየገፋች ከገንዳዋ ጎን አጣበቀችው። በዚያ በኩል የእሱ እጅ አይገባም። ያ ጎን ወየበ፤ ከዚያ አረንጓዴ ለበሰ። እሱን የራሱ ሸሚዝ የቆሸሸ ያህል አሳከከው።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ልብሱን ልትለካ ሙሽራዋ ዘንድ ሄደች። ወዲያው መኪናውን ፈቀቅ አደረገና ምላጩን አነሳ። ቆሻሻው ምን ያህል እንደወፈረ ለማየት ብቻ በሌንሱ ጎንበስ አለ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ቆሻሻ አልነበረም፤ መስክ ነበር። አረንጓዴው ላይ ጥቃቅን ጥሩምባዎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል፤ መስታወቱን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ሁሉም ኩምትር አሉ፤ ቆይተው አንድ በአንድ ተዘረጉ። አንዲት የውሃ ቁንጫ እየዘለለች አለፈች፤ ገላዋ ከመስታወትም የጠራ ነው፤ ልቧ ሲመታ ይታያል። ከሣሩ አጠገብ ደግሞ የክር ቁራጭ የመሰለች፣ ጫፏ ላይ ቀጫጭን ክንዶች የዘረጋች ፍጥረት ተንጠልጥላለች። የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ሃይድራ ይሏታል፤ እሱ ስሟን አያውቅም።

«ለካ ቤታቸውን ነው ስፍቅባቸው የከረምኩት!» አለ ጮክ ብሎ። ምግባቸውንም ጭምር።

ሚስቱ ስትመለስ ሌንሱን ሰጣት። የመርፌ ዐይን የለመደ ዐይኗ ቦታውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ይቺ ክር ምንድን ናት?»

«ቆይ፣ ዝም ብለሽ እያት።»

ቁንጫዋ ዘለለች፤ አንዱን ክንድ ነካች፤ እዚያው ደርቃ ቀረች። ሌሎቹ ክንዶች ቀስ ብለው ተጠመጠሙባት።

«ያዘቻት! ኧረ ጉዴ፣ ያዘቻት!» ሚስቱ ጭኗን መታች። «ልትውጣት ነው! አንተ፣ ይቺን የምታህል ነገር አፍ አላት እንዴ?»

«ሆድም አላት። እዪው፣ እያበጠ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚያስቆማት አልነበረም። በሩን ከፍታ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ቤት ተጣራች፤ «አንተ አፈኛ! ና ግባ፤ በሩ ተከፍቷል!»

እሱም መጣ፣ የእሱም ሚስት ተከትላው መጣች፣ ላይኛው ፎቅ የምትኖር ነርስም ጫጫታውን ሰምታ ወረደች። የቧንቧ ሠራተኛው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ጋሼ፣» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ይሄንን ውሃ ነው ዕድሜዬን በቧንቧ ስገፋ የኖርኩት?»

«የሙሽራዋ ልብስስ ታዲያ?» አለች ነርሷ፤ የመስኮቱን ጠብ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

«በሩ ጋ ተቀምጬ እሰፋዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በር ብርሃን አያስገባም ያለሽ ማን ነው?»

ጋሽ ጥርት ይህን ሲሰማ ደረቱ ሰፋ። በኩራት ቀረብ ብሎ ሌንሱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሚስቱ ግን እጁን መታ አደረገችው።

«አንተ ቅድም አይተሃል። ሰልፍ ያዝ!»

ከነርሷ ኋላ ቆመ፤ ልጁን እንደዳረ አባት ፈገግ እያለ።