ከአቮካዶው በላይ

ዛሬ ጠዋት ዘይነባ ከደሴ ፎቶ ላከችልኝ። የምታስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ መሃሉ ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ የጁስ ብርጭቆ ተስሏል። ጎንደር ያለችው ትንሿ ጁስ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሱዳኑ ጦርነት ብዙ ዓመት በፊት፣ ካርቱም፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር በአንድ የሐበሻ ጁስ ቤት እሠራ ነበር። ወጣት ነበርኩ። ዘይነባ ከወሎ መጥታ እዚያው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ያቋረጠችውን ስምንተኛ ክፍል ሐበሾች በከፈቱት ትምህርት ቤት ትማርና ስትመለስ እኔ ጋ ጎራ ትላለች። ፈተናውን ካለፈች አገሯ ገብታ ትምህርቷን ልትቀጥል ነው፤ ከወደቀች ደግሞ ያው የማዳሟ ወጥ ቤት ይጠብቃታል።

«ጋዞቹን ይዣቸዋለሁ» አለችኝ አንድ አርብ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አብዛኛው ናይትሮጅን፣ አንድ አምስተኛው ያህል ኦክስጅን፣ ከዚያ ትንሽዬ አርጎን። የአየሩ ንብርብር ነው የሚምታታብኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ጭንቅላቴ ዛገ!»

ሳይንስ ብዙም አላውቅም፤ በስፕሪስ ግን ማንም አይችለኝም። ወፍራሙ ጁስ ከታች ካልተኛ ስፕሪስ አይቆምም፤ አየሩም እንደዚያው ነው። ረጅም ብርጭቆ አነሳሁና ስሞቹን ከደብተሯ እያየሁ አቮካዶውን «ትሮፖስፌር፣ እኛና ደመናው ያለንበት»፣ ማንጎውን «ስትራቶስፌር»፣ ፓፓያውን «ሜሶስፌር»፣ ጉዋቫውን «ቴርሞስፌር» እያልኩ ቀዳሁላት። ማንጎው መሃል ለኦዞን ቀጭን የከርከዴ ሽሮፕ ጣል አደረግሁ። ጠርዙን ባዶ ተውኩት።

«ይሄንንስ አትሞላውም?»

«እሱ ኤክሶስፌር ነው። አየሩ እየሳሳ የሚያልቅበት።»

«ስስታም!» አለችና እየሳቀች፣ ስማቸውን እየጠራች በማንኪያ ጨረሰችው። ያን ሳቋን እወደው ነበር፤ እሷንም ጭምር።

የፈተናው ዕለት ከታሓ ተነሳ፤ ያ የካርቱም አቧራ ሰማዩን ሸክላ አስመሰለው። ሚኒባሶቹ ቆሙ፣ ጥርሴ መሃል አሸዋ ተንቀጫቀጨ። ዘይነባ ተሸፋፍና በእግሯ ስታልፍ አይቼ ሮጬ ወጣሁ።

«ተመለሺ! በዚህ አየር የት ልትደርሺ ነው?»

«ይሄ ሁሉ ያለው አቮካዶው ውስጥ ነው» አለችኝ ከመሸፈኛዋ ሥር። «ማንጎው ንጹሕ ነው። ያላ፣ ልሂድበት!»

ሄደች። ፈተናውንም አለፈች። ክረምቱ ሳይወጣ ወሎ ገባች፤ ደስ እያለኝ ሆዴ ባባ።

ያ ጁስ ቤት ዛሬ የለም፤ ጦርነቱ ሁላችንንም በተነን። እኔ ግን እዚህም ስፕሪስ ስቀዳ ጠርዙን ባዶ እተዋለሁ፣ ደንበኞቼም ይቆጡኛል። ከፎቶው ሥር ዘይነባ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ልጆቹ ጠርዙን ለምን ባዶ እንደተውኩት ጠየቁኝ። ያስተማረኝ ስስታም ነው አልኳቸው።»